ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የወጣው ስም

ጎረቤቴ እማማ አስካለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሏቸዋል። ልጃቸው አልማዝም ከአረርቲ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው።

እኔ ግን ዛሬ ግራ ገብቶኛል።

እማማ አስካለ በ1950ዎቹ ሲዳሩ ይዘውት የመጡትን ሳጥን ሰጥተውኝ፣ ለሳሎኔ ጠረጴዛ ላደርገው በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ። (ወገቤን አትጠይቁኝ!) ከክዳኑ ውስጥ፣ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር፣ ሟች ባላቸው በካራ የቀረጹት የልጆቻቸው ስም ብቅ አለ። አምስት ስም! የመጀመሪያው ተስፋዬ ይላል።

አልማዝን ጠርቼ አሳየኋት።

«እኛ እኮ አራት ነን! ተስፋዬ ማነው?» አለች ደንግጣ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እማዬ ገና ከሕመሟ መነሣቷ ነው፤ ዝም ብለሽ ቀለም ቀቢበት» አለችኝ።

ባለቤቴ በበኩሉ፣ «የሰው ልጅ ስም ላይ እንዴት ይቀባል?» ይላል።

ብሩሹን ይዤ ቆሜያለሁ። ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶባችሁ ያውቃል? ለዕቃው ባለቤት ነገራችሁ ወይስ ዝም አላችሁ?