በመካኒሳ ትንፋሼን ያዳመጥኩ ቀን

ከማርቆስ ከተማ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። አባዬ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ሳሉ ሲነሳበት እንቆማለን፣ ሲተወው እንሄዳለን። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጄን ያዘና፣ «ስማ ይበልጣል፣ አንድ ነገር ብሆን መርዶዬን ደብቀው እንዳያቆዩህ ለእናትህ ነግሬያታለሁ» አለኝ። እናቴ ከጎኑ ቆማ «ሟርተኛ» አለችው። እሺ ስትል ግን አልሰማሁም።

ይህን የምጽፈው እዚያው ላላችሁትም፣ እንደኔ አባይን ተሻግራችሁ አዲስ አበባ ለቀራችሁትም ነው። ብርዱስ የኛው ብርድ ነው፣ አልወቅሰውም። ቅቤው ግን ቅቤ ይባላል እንጂ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሰላምታውም እንደዚያው። እኛ ጋ እንዴት አደርክ ከሰው ተነስቶ ከብቱና አዝመራው ድረስ ይወርዳል፤ እዚህ «ሰላም ነው?» ይልህና መልስህን ሳይሰማ ታክሲ ላይ ይንጠለጠላል።

መካኒሳ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ናቸው። ቤቱን ከማየቴ በፊት ሕጉን ነገሩኝ። ሬዲዮ የለም፣ ከመሸ መብራት የለም፣ ስልኩ እንደምታየው ቁልፍ አለው አሉኝ። እውነትም ስልኩ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ከሁለት እንግዳ በላይ በሬን አያልፍም» አሉ። «ሁለቱም ባንድ ቀን አይደለም።»

«ዘመዶቼ ቢመጡብኝስ?»

«ተራ ይያዙ።»

ሥራ ያገኘሁት ንፋስ ስልክ አካባቢ ካለ ብስኩት ፋብሪካ፣ የመሸጫው መስኮት ላይ ነው። ቸርቻሪው ካርቶኑን ራሱ ታክሲ ጣራ ላይ ይወረውርና የተሰባበረውን ይዞ ሊያስቀይር ይመጣል። እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ፣ የአገሬ ሰው ያውቀኛል። አንድ ቀን አንዱን ደንበኛ በገዛ ብስኩቱ መታሁት። ሥራ አስኪያጁ እኔን በማባረር ፈንታ ሠራተኛው ሁሉ በሥራ ላይ ስሜቱን የሚገዛበት ኮርስ ይሰጠው ብለው ወሰኑ አሉ። ህንድ አገር ተምሮ የመጣ፣ አቶ ሰሎሞን የሚባል ሰው ቀጠሩ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን በኋላ ነው። ለእኔ የነገረኝ የለም።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቁታላችሁ። ለባዕድ ይነገራል፣ ለባለቤቱ አይነገርም። ከዚያ ባልተለመደ ሰዓት ሰው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ይለሰልሳል፣ አንጀቱ እንዳይቃጠል መጀመሪያ ያበሉታል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዘበኛው መስኮቱን አትክፈት፣ አዳራሽ ትፈለጋለህ አለኝ። ሰላም ብለውኝ የማያውቁት ሥራ አስኪያጅ ትከሻዬን ይዘው አስገቡኝ። ሠራተኛው በሙሉ ክብ ሠርቶ ዝም ብሏል። ወሬ የማይሰለቻቸው የመጋዘኑ ጋሽ ሽብሩ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ ሻይና ዳቦ ተደርድሯል።

«ብላ» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

በልቼ ነው የመጣሁት ብላቸው ግዴለም ጨምር አሉኝ። ዳቦውን ይዤ ክቡ ውስጥ ገባሁ። አቶ ሰሎሞን በዚያ ለስላሳ ድምፁ ዓይናችንን እንድንጨፍን፣ ትንፋሻችንን እንድናዳምጥ አዘዘን። ቀጠለና፣ «የመጣውን ሁሉ ሳትታገሉ ተቀበሉት» አለ።

«አባዬን!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረርኩ።

ጋሽ ሽብሩ ዘለው ያዙኝና ደረታቸውን ይደቁ ጀመር፤ አባቴን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ከሆሳዕና የመጣችው ጴንጤዋ ማርታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጸለየች። አቶ ሰሎሞን በመሃላችን እየተሯሯጠ ማንም አልሞተም እያለ ይለምናል።

«ተው አንተ ሰውዬ» አሉት ጋሽ ሽብሩ። «አሁን መደበቅ ምን ያደርጋል?»

እሱ በካደ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰሎሞን ያውቃል ብለው የፋብሪካውን መኪና አዘዙልኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ካዘዙማ እውነት ነው ብሎ አቶ ሰሎሞንም ማልቀስ ጀመረ። መካኒሳ ስንደርስ እትዬ ዘነቡ በሩን ከፍተው ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ስለ እንግዳ ሕጉ ትንፍሽ አላሉም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ፣ እሪ አሉ። ወዲያው የእድሩ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተጣደ።

ለቅሶው በረድ ሲል ማርታ አጠገቤ ተቀምጣ «ማነው ያረዳህ?» አለችኝ።

አሰብኩ። ማንም አላረዳኝም። ሰው ሁሉ ወደ አቶ ሰሎሞን ዞረ። እሱ ንፍሮውን እፍኝ ሙሉ እንደያዘ፣ ተንፍሱ ብቻ ነው ያልኩት አለ።

እትዬ ዘነቡ ከአንገታቸው ቁልፉን አውጥተው ስልኩን ፈቱልኝ። በቴሌ በኩል ማርቆስ፣ ጎረቤታችን መምህሩ ቤት ተደወለ፣ እናቴን ሊጠሩልኝ ሄዱ። ግቢው ሙሉ ሰው ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ እየቃተተች መጣች። እናቴ መቼም አነጋገሯ እንደ እኔው ነው፣ ቁጣዬን ከእሷ ነው የወረስኩት።

«አባዬስ?» አልኳት።

«ደህና ነው። ማኅበር ሄዷል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ሄዷል አልኩህ እኮ።»

ደህና ነው ብዬ ለሰዎቹ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ግቢው እፎይ አለ። ጋሽ ሽብሩ ተመስገን ብለው ሳቁ፣ አግዳሚውን ማንሳት ተጀመረ። አቶ ሰሎሞን ከማዶ ሆኖ ተንፍስ፣ ተንፍስ ይለኛል በእጁ። ተነፈስኩ። በሽቦው ውስጥ የእናቴም ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ረጅም ነው። ከዚያ ሰምቼባት በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ ጠራችኝ።

«ይበልጣል፣ ልጄ» አለችኝ። «በልተሃል?»