የማይሻገሩት ድልድይ፦ እህቴን ልመልስ ጋምቤላ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ብርዱ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ማለዳ፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው። መሄጃዬ ጋምቤላ፣ ጉዳዬም ታናሽ እህቴን ሰናይትን ይዣት መመለስ ነበር። ሰናይት አዋላጅ ነርስ ናት። ጋምቤላ ከተመደበች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከአንዲት ድልድይ ማዶ፣ ስሙ በክፉ በሚነሳ ሰፈር ውስጥ ነው። አጎታችን ለፍቶ እዚሁ ደብረ ብርሃን የዝውውር ቦታ አገኘላት። መልሷ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይጠበቃል፤ እሷ ግን በስልክ «አስብበታለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣትም። እናታችን እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች። ስንቄን እያሰረችልኝ «ሄደሽ በዓይንሽ እዪ፤ ስትመለሺ ግን ሁለት ሆናችሁ ኑ» አለችኝ።

የሰፈሩን ስም እዚህ አልጽፈውም። ያለ እኔ እርዳታም ሩቅ ተጉዟል፤ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ እናቴን እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው። «ማዶ» ልበለው፤ ብዙው የከተማ ሰውም የሚለው እንዲያ ነው።

በአውቶቡስ

ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርገን መቱ አደርን። ከጎኔ የተቀመጡት ጋምቤላ ልብስ የሚነግዱ፣ ፑኝዶ ከተማ ድረስ የሚመላለሱ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። እህቴ የት እንደምትሠራ ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡና ስለ ማዶ ያወሩልኝ ጀመር። ማን እንደተዘረፈ፣ ማን እንደተደበደበ፣ ቀን በቀን እንኳ እንዴት እንደማይታለፍ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩኝ። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ሄደውበታል ብላቸው ደነገጡ። አንድም ቀን ተሻግረው አያውቁም! ያላዩትን እንዲህ አሳምሮ የሚተርክ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ቢሆንም አመንኳቸው፤ ፈሪ ሰው ለወሬ ጆሮው ሰፊ ነው።

በማግሥቱ ጎሬን አልፈን ጫካ ውስጥ ገባን። ዛፎቹ መንገዱን ከሁለት ወገን አቅፈውት ሰማይ የሚታየው በስንጥቅ ነው። ከቡሬ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር አንዱን ጋቢ አወለቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሹራቤን። ነጋዴው እየሳቁ «ገና ነው» ይሉኛል። ታች ስንደርስ ንፋሱ ራሱ እንደ ምድጃ አፍ ይፋጃል። ግን ምን ዓይነት አገር ነው! ያደግሁት በየት ቢዞሩ ተራራ በሚጋርድበት ነው። እዚህ ሜዳው ተዘርግቶ፣ ተዘርግቶ ከሰማይ ጋር ይገጥማል። ዓይኔ የሚያርፍበት አጥቶ ደከመ።

ባሮን ሳይማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ የማውቀው ወንዝ በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነው። ይኼ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ዳር ላይ ሰው ይታጠባል፣ ባጃጅ ይታጠባል፤ መሐል ላይ አንድ ዓሣ አስጋሪ ከግንድ በተፈለፈለች ጀልባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰናይት መናኸሪያ ተቀበለችኝ። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ሳቋ ግን ጨምሯል። «እታለም፣ ጋቢውን ለማን አመጣሽው?» ብላ ተሳለቀችብኝ።

ከድልድዩ ወዲህ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ድልድዩን አልተሻገርኩም። ትልቅ የዓሣ ጥብስ በአዋዜ በላሁ፤ በአሥር ብር የሰጡኝን ማንጎ መሸከም አቅቶኝ ጎረቤት አደልኩ። ዝውውሩን ሳነሳባት ሰናይት ወሬ ትቀይራለች።

ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት ኡጁሉ የሚባል ባለባጃጅ ጎረቤቷ ነው። በሦስተኛው ቀን እስከ ድልድዩ አብሬ ሄድኩ። ወደ ባሮ በሚገባ ቀጭን ወንዝ ላይ የተሠራች፣ ሁለት መኪና የማታሳልፍ ድልድይ ናት። ኡጁሉ ከድልድዩ መግቢያ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። ከወዲያኛው ጫፍ የማዶ ባጃጆች ቆመው ይጠብቃሉ። የወዲህ ባጃጅ ወደዚያ አያልፍም፣ የዚያም ወደዚህ አይመጣም፤ ተሳፋሪ ድልድዩን በእግሩ ይሻገራል። ሰናይትም እንዲሁ ተሻገረች፤ እኔ ከወዲህ ቀረሁ። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ማዶ ሰው ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን የጠብ ወሬ ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚያዘው ባጃጅ ነው። እኔ ባጃጅ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።»

ሐሙስ

ሐሙስ ሰናይት ዕረፍት ነበረች፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ገበያ ወረድን። ዓሣ እየመረጥን ሳለ ሱቆች መዝጊያቸውን ይጎትቱ ጀመር። ባጃጆች እንደ ጉም በነው ጠፉ። «ማዶ ተጣልተዋል» ይላል አንዱ፤ ማን ከማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስልኳ የጮኸው ይኼኔ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ምጥ የጠናባት ሴት አለች፤ ያለው አንድ አዲስ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ሕፃኑ ደግሞ በእግሩ እየመጣ ነው።

ክንዷን ይዤ «ዛሬስ አትሄጂም» አልኳት።

«እታለም፣ ከፈለግሽ ተከተይኝ። እጄን ግን ልቀቂ።»

ለቀቅኳት፤ ተከተልኳትም። እናቴ ሁለት ሆናችሁ ኑ ብላለችና ብንሞትም ሁለት እንሁን ብዬ። ጥቂት እንደሄድን ዞር ስል ሦስት ሴቶች ከኋላችን ናቸው። የዓሣ ሳፋቸውን በራሳቸው ተሸክመዋል። ስንፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሰናይት ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ስትል ይቆማሉ። ቦርሳዬን ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁ። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ደግሞ ከፊት ለፊት ቁመታቸው የትየለሌ የሆነ ሴቶች ወደ እኛ እየገሰገሱ ነው፤ አንዷ ረጅም ዱላ ይዛለች። ከፊትም ከኋላም ተያዝን! የእህቴን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ። ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

ከድልድዩ መሐል ስንደርስ የኋላዎቹ ሴቶች ሳፋቸውን አወረዱ። ከፊት የመጡት ደረሱ። ከዚያ ሁሉም ሁሉንም በየተራ፣ አንድም ሳይዘሉ፣ በእጅ ጨበጡ፤ እኔንም ጨበጡኝ። ከዓሣ ሻጮቹ ትልቋ ሰናይትን በትከሻዋ ይዛ ባለዱላዋን ሴት «ሲስተር ይኸው። አደራ» አለቻት። ባለዱላዋ «አደራ» አለች። ዓሣ ሻጮቹ ሳፋቸውን አንስተው ወደ ተዘጋ ገበያቸው ተመለሱ። እኛ በማዶዎቹ መሐል ተከበን አለፍን። አንዷ ቦርሳዬን ከብብቴ አውጥታ ራሷ ላይ አደረገችው፤ እኔም ለቀቅኩላት።

ሰናይት ስትሮጥ ወደ ውስጥ ገባች። እኔን ኒም ዛፍ ጥላ ሥር የላስቲክ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። ባለዱላዋ ኛቦል ትባላለች። ዱላው ለከብት ነው፤ ጥጆቿን ትታ ነው የመጣችው። ሰናይት ሁለት ልጆቿን አዋልዳታለች። እነዚያ ዓሣ ሻጮችስ ብላት፣ እነሱንም ሰናይት ነች ያዋለደቻቸው አለችኝ። ማንም ሰብስቦ አላዘዛቸውም። ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰናይትን መንገድ ላይ ያየች ሴት ትከተላለች፤ ከዚያኛው ወገን መምጣቷን የሰማችው ትቀበላለች። ባጃጅ የማይሻገረውን እነሱ በእግራቸው ያሻግሯታል።

ሰፈሩን ዙሪያዬን አየሁት፦ የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ ተጠርጎ የነጣ ግቢ፣ መዝሙር የሚለማመዱ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን። ጠቡ የሁለት ባጃጆች መጋጨት ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቶቹ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ። ይኼ ነው እንዴ ያ ሁሉ ስም ብዬ ሳስብ ኛቦል እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ልጄን ወደዚያ ገበያ ብቻውን አልልክም። እዚያ በጣም አደገኛ ነው።»

እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ስቄ ሳልጨርስ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ግቢው በእልልታ ተናጋ። ሴት ልጅ። እናትየውም ደህና። ሰናይት ላቧን እየጠረገች ስትወጣ ያቺ በኩራዝ ጭስ የምታለቅስ የልጅነት እህቴ መሆኗን ተጠራጠርኩ። አከበርኳት፤ ታላቅ እህት ታናሿን ማክበር እንዲህ በድንገት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማዶዎቹ እስከ ድልድዩ መሐል አደረሱን። ዓሣ ሻጮቹ ከወዲህ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እንደገና መጨባበጥ፣ እንደገና «አደራ»። ሰማዩ ቀልቶ ወንዙ ውስጥ ወድቋል።

«ሰላም ከሆነ ለምን ያጅቡሻል?» አልኳት ሰናይትን።

«ሁልጊዜ ሰላም አይደለም» አለች። «ወሬው እውነት የሆነበት ቀንም አይቻለሁ። ያን ቀንም መጥተው ነበር።» ቀጥላም «ቤት ግቢና ያየሽውን ለእማዬ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያት። ከዚያ ነይ ካለችኝ እመጣለሁ» አለች።

መመለስ

ዓርብ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻዬን ተነሳሁ። ከመስኮቱ ባሮ ሲጠማዘዝ ታየኝ፤ ድልድይዋንም ፈለግኋት፣ ግን ከላይ ሲያዩት ወዲህና ማዶ የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ከተማ ነው። ወሬው ጨርሶ ውሸት ነው ብዬ ለመመለስ ጓጉቼ ነበር። እንዲያ ብል እዋሻለሁ። አደጋ የሚባለው ነገር አለ። እኔ ያላወቅሁት እዚያው ሰፈር ውስጥ አደጋውን ተጋፍጠው የሚቆሙ ሴቶች መኖራቸውን ነው። የሰፈር ክፉ ስም ሲወራ ስለ እነሱ የሚነግረን የለም።

ቤት ስገባ እናቴ ለሰናይት መምጫ በሶ ልታዘጋጅ ገብስ እየለቀመች ነበር። ከኋላዬ ሌላ ሰው ስታጣ እጇ ቆመ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ባጃጆቹን፣ የእኔን ፍርሃት፣ ወሬው እውነት የሆነበትን ቀን ሳይቀር። መልሱ ነገ እንደሚጠበቅም አስታወስኳት። ከገብሱ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

«እነዚያ ሴቶች ስንት ናቸው?»

«እኔ እንጃ እማዬ። የወለደች ሁሉ ትመጣለች።»

ሰፌዱ ላይ ያለውን ገብስ አየችው።

«እንግዲያው ለእነሱም ለመላክ ይኼ አይበቃም» አለችኝ። «ሌላውን ጆንያ ፍቺው።»