ከላይ የመጣ ውሃ

«እሜቴ ጭቃ» ይሏታል። ለማሾፍ ነው፤ እሷ ግን «ጭቃ ባይኖር ጥርሳችሁ ምን ያኝክ ነበር?» ብላ ታልፋለች። ማሳዋ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ፤ በበጋ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ፣ በዝናብ ጫማ የሚያስቀር ሙጫ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ምስር ትዘራለች። ምስር እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ታፍኖ ይሞታልና፣ አፈሩን ከፍ ከፍ ባለ መደብ ትከምረውና በመሃሉ ቦይ ታወጣለች። የዘራችው ያላትን ዘር ሁሉ ነው፤ ከጠፋ ለከርሞ የለም።

ከላይ የሚያርሰው የባሏ ወንድም የባቄላውን ቦይ አሳምሮ ቀደደና አፉን ድንበሯ ላይ ጣለው። ውሃው ማሳዋ ላይ ተኝቶ ምስሯ ቢጫ መሆን ጀመረ። አንዱን ነቀለች፤ ሥሩ ላይ ካሉት ትንንሽ እንክብሎች አንዷን በጥፍሯ ፈነከተች። ጤነኛ ከሆነ ውስጡ ቀላ ይላል። ይኼ አመድ መስሏል።

«ወንድምዓለም፣ ቦዩን በድንበሩ አዙረን ወንዝ እናድርሰው። የቦዩን ቦታ ግማሹን ከእኔ መሬት እቆርጣለሁ» አለችው።

«ለውሃ ርስት ልስጥ? ቁልቁል መውረዱ የኔ ጥፋት ነው?»

ለመንደሩ ሽማግሌዎች አቤት ብትል፣ እነሱም «ታገሺ፣ ዝምታ ወርቅ ነው» አሏት። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ማሳ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ልብ በሉ።

ዶማዋን አንስታ የቦዩን አፍ በራሱ በዋልካው ደፈነችው። ዋልካ ውሃ አያሳልፍም። በማግስቱ ዝናቡ ሲወርድ ባቄላው መሃል ኩሬ ተኛ። ሰውየው ሱሪውን ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ።

«ሴትዮ፣ ልትጨርሺኝ ነው?»

«ምነው፣ ውሃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?»

«ባቄላዬ ሰጠመ እኮ!»

«ዋና አስተምረዋ።»

ተሳደበ፤ ባቄላውን አየ፤ ተመልሶ ዶማውን አመጣ። ሁለቱም በድንበሩ ላይ እስከ ወንዙ ቆፈሩ፤ ግማሹ ከሱ፣ ግማሹ ከሷ።

ከታች ያለው ምስር ሞተ። መደቡ አናት ላይ ያለው አገገመ፤ ለድስት ባይሆንም ለዘር ተረፈ። በሞተው ቦታ ዝናቡ ሲያበቃ ሽምብራ ዘራችበት፤ ሽምብራ ዋልካው የደበቀውን እርጥበት እየጠጣ ያድጋል።

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ለሌላ ጠበኛ «እንደነሱ በሰላም ተስማሙ» እያሉ ይመክራሉ። ስለ ዶማው ትንፍሽ አይሉም።