ጥለቱ ወደ አንገት የወጣው ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የሰፈር ሐኪሜ፣ ጂፒዬ ጋ ቀጠሮ ነበረኝ። ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የልብስ ውድድር ያሳያል። አንዲት ሴት የአንድ ረጅም ቀሚስ ጫፍ ገልብጣ የውስጡን ስፌት በጣቷ እየዳሰሰች ትመረምራለች። ካሜራው ወደ ጣቶቿ ቀረበ። ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም። ነርሷ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። የደም ግፊቴን ለክታ፣ "ዛሬ ምነው ከፍ አለ?" አለችኝ። ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወጥቼ ነው አልኳት።

ባለቤቴ ኃይሉ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ እዘገያለሁ፤ አንድ አንቀጽ ጽፌ ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ። ይህን ታሪክ ግን እሱ በሕይወት ሳለም ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እሱም ነገሩ ውስጥ ነበረበት፤ ትክክል የነበረውም እሱ ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ካገባን ገና ዓመታችን ነበር። ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያው አጠገብ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ባለ የሙሽራ ልብስ መስፊያ ውስጥ የእጅ ስፌት እሠራ ነበር። ደረጃው ሥጋ ሥጋ ይሸታል፣ እኛ ላይ ቤት ነጭ ሐር እንሰፋለን። የእኔ ሥራ ሰው የማያየው ነው፤ ገበር ማያያዝ፣ ቅምቅማት፣ የዶቃውን ክር ከውስጥ መቋጠር። አንድ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ሙያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ኦት ኩቱር የሚባለውን፣ ለአንድ ሰው ገላ ተለክቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ የሚሰፋውን ቀሚስ እየሠሩ የሚወዳደሩበት ዝግጅት ነበራቸው። ሁለት ስመ ጥር ዳኞች አሏቸው፤ እነሱ የውጭውን ያያሉ። ሦስተኛ ደግሞ ቀሚሱን ገልብጦ ውስጡን የሚያይ ሰው ፈለጉ። አሠሪዬ እኔን ጠቆመች። ፊቴ አይታይም፣ እጄ ብቻ ነው የሚታየው። ኃይሉ በዚህ በጣም ይስቅ ነበር። "ሚስቴ ዳኛ ሆናለች፣ ከእጅ አንጓዋ በታች" እያለ ለጓደኞቹ ያወራ ነበር።

ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት ሦስቱ አንዷ ሕሊና ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሎንዶን ነው። እናቷ በአራት ዓመቷ ሞታባት፣ አውቶቡስ ነጂ የነበሩት አባቷ ጋሽ ታምራት ብቻቸውን አሳደጓት። እሳቸውን በመልክ አውቃቸው ነበር። በዚያ ጥቅምት የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሟቸው አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ከዚያ ሆነው ሽሮ ሜዳ ዞረው፣ ለመጨረሻው ቀሚስ የሚሆን ስስ ነጭ ሸማና ጥቁርና ብርማ ጥለት መርጠው ልከውላታል።

ተወዳዳሪዎቹ የመጨረሻውን ሳምንት ሆቴል ሆነው፣ ስልካቸውን አስረክበው ነው የሚሠሩት። አዘጋጇ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ቀን እንዲህ ብላ ነበር፦ "ቤተሰብ ውስጥ አንድ ነገር ከደረሰ ለእኔ ንገሩኝ። በዚያው ቅጽበት ካሜራውን እናቆማለን።" ይህን ራሴ ሰምቻለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የመጡብን። ኅዳር ገብቶ ነበር፣ ጾሙም እንደዚያው። መስኮቱን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይመታዋል። የሕሊና አክስት እትዬ ወይንሸት፣ የእድራችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንንና ሌላ አንድ ሽማግሌ ሆነው ገቡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የማን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።

"ታምራት ዛሬ ጠዋት ዐረፈ" አሉ ጋሽ መኮንን። "ልቡ ነው። ልጅቷ አላወቀችም።"

አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች፣ ትመጣለች ከተባለ ቀብሩን እስከ ማክሰኞ እናቆያለን ብለዋል። አትመጣም ከተባለ ነገ ሰኞ ይቀበራሉ። ማታውኑ መልስ ይጠብቃሉ።

"ውድድሩ ረቡዕ ነው የሚያልቀው" አሉ እትዬ ወይንሸት። ዓይናቸው አብጧል። "ወንድሜ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህን እንድትጨርስ ነበር። ደውሎ ሌላ ወሬ አያወራኝም። ሐሙስ ጠዋት እኔ ቤት ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። አንቺን የምንለምንሽ፣ ጽጌ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ ነው። ፊትሽንም ጠብቂ።"

ኃይሉ ሻይ ይዞ ቆሞ ነበር። አስቀመጠው።

"ጋሽ መኮንን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "አባቷ እኮ ናቸው። ዛሬ ከተነገራት ትደርሳለች። ፊታቸውን ታያለች።"

"አንተ ልጅ፣ መርዶ እንደ ጋዜጣ በር ሥር አይወረወርም። እዚያ ፈረንጅ መሃል ወድቃ ብትቀር ማን ያቅፋታል?"

"ጽጌ አለች" አለ ኃይሉ። "ጽጌ ታቅፋታለች።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዛሬ ድረስ የማስታውሰው የማሞቂያው ቧንቧ ቋ ቋ ሲል ነው። አዘጋጇ ያለችው ትዝ አለኝ፤ የስልክ ቁጥሯም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን አንዲት ልጅ ፊቴ ስትወድቅ ታየችኝና ፈራሁ።

"እንዳላችሁት ይሁን" አልኩ።

ሰኞ ወደ ሥራ ስገባ ሰማዩ ጠዋቱን ሙሉ አልነጋም ነበር። ቀረጻው የሚካሄደው አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጣራው በቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሰው አያስነጋግርም። ዳኛ ተወዳዳሪን መምከር አይፈቀድለትም፤ በሥራ ጠረጴዛዎቹ መሃል ዞሮ ማየት ግን ይችላል። ዞርኩ። የሕሊና ቀሚስ ራስ የሌለው የልብስ አሻንጉሊት፣ ማኒኪን ላይ ቆሟል። ነጭ፣ እንደ ጉም ስስ፣ እስከ መሬት የሚፈስ። ጠርዙ ባዶ ነበር። ጥለቱን ፈለግኩት። ሕሊና ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ ጥቁሩን ጥለት በማኒኪኑ አንገት ዙሪያ እያያዘችው ነበር።

ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ነው። ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ካወጣች ሰው ሞቶባታል።

"አትዪው፣ ገና አላለቀም" አለችኝ ስፒሎቹን እንደነከሰች።

ሰዓቴን አየሁ። እዚህ ምሳ ሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት። የቀብር ሰዓት። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ከእኛ ማንም ያልነገራትን አንድ ሌላ ነገር ነግሯታል ብዬ አሰብኩ።  ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፍኩ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ተገናኘን። ሌላው ሁሉ አይብ ስላለበት ሁለታችንም ድንች ጥብስ በኮምጣጤ ያዝን።

"አባዬ ቢያየኝ ሲሪየስሊ ይስቅብኛል" አለች። "ጾሙን ትቼ ልብላ ስለው፣ ስቱዲዮ ውስጥም እግዜር አለ አለኝ። አሁን መላው አዲስ አበባ ሰልችቶታል በእኔ ወሬ። ታክሲ ላይ ሁሉ ነው የሚያወራው።"

"ያወራል" አልኩ።

"ደህና ነሽ? ፊትሽ ገርጥቷል።"

"ጉንፋን ነው።"

ከቦርሳዋ የጉሮሮ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። እስኪያልቅ መጠጥኩት።

ረቡዕ ዳኝነቱ ሆነ። ቀሚሱን የለበሰችው ረጅም ጥቁር ልጅ ቀስ ብላ መብራቱ ውስጥ ገባች።  አንገቷን የከበበው ጥለት ነጩን ሁሉ ወደ ላይ ስቦ የያዘው ይመስላል። ከሁለቱ ዳኞች አንደኛው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅለው ሰውዬ፣ ይህ ጌጥ ለምን አንገት ላይ ሆነ ብሎ ጠየቃት።

"አራት ዓመቴ ላይ ይመስለኛል" አለች ሕሊና፣ "ቤታችን በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ ጥለቱ እዚህ ጋ ነበር።" አንገቷን ነካች። "እየተቀባበሉ ሲያቅፉኝ ጉንጬ ጥለቱ ላይ ያርፋል። ሌላ ጊዜ ወደ ታች ሲለብሱት አይቻለሁ። የዚያን ቀኑ ግን የትልቅ በዓል አለባበስ ነው። ምን በዓል እንደነበር አባቴን ጠይቄው አላውቅም።"

ያ የእናቷ ለቅሶ ነበር። ጋሽ ታምራት አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልነገሯትም፤ እንዲነግሯት የሚያደርግ ጥያቄም አልመጣም። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተራዬ ደረሰ። ካሜራው እጄ ላይ ወረደ። ቅምቅማቱን ገለበጥኩ፤ ንጹሕ ነው፣ ገበሩም እንደዚያው። ወደ አንገቱ ስደርስ በግራ በኩል ስፌቱ ተጨማድዷል። ክሩ ከልክ በላይ ተስቦ ሸማውን አኮማትሮታል። የድካም ስፌት ነው፣ አውቀዋለሁ። ሰባት ነው የሚገባው፣ ቢበዛ ሰባት ተኩል። አስር የተጻፈበትን ካርድ አነሳሁ። ሕሊና በዚያው ነጥብ አሸነፈች። ከሰዉ ሁሉ መርጣ መጥታ እኔን አቀፈችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ይዘሻት ነይ ተብዬ ነበርና ከሆቴሏ ወሰድኳት። ስልኳን መልሰውላታል፣ ግን ባትሪው አልቋል፤ ቻርጀሩን አክስቷ ቤት ትታው ነበር። አውቶቡሱ ላይ ፎቅ ወጥተን ፊት ለፊት ተቀመጥን። መስታወቱን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ "መጀመሪያ ለአባዬ ነው የምደውለው። ማሸነፌን ሳልነግረው ትንሽ አስጨንቀዋለሁ" አለች። አክስቷ ያሉበት ኪልበርን እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ አወራች። ሱቆቹ ገና መዝጊያቸውን እየከፈቱ ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ሽታ ይወጣል። እንግዛ አለች። እዚያ አለ አልኳት።

በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ስታየው ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች፤ ለእሷ የተደገሰ መስሏት። ገባን። ሴቶቹ እንዳትደነግጥ ተብሎ ነጠላቸውን እንደ ዘወትሩ ነው የለበሱት። አስቀመጧት። ጋሽ መኮንን ተነስተው ስለ ጋሽ ታምራት ደግነት ይናገሩ ጀመር። አንገቷን ዘንበል አድርጋ በትሕትና ትሰማለች። እሳቸው ቃሉ ላይ ሳይደርሱ፣ ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አልቻሉም፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው አዘቀዘቁት። አጠገባቸው ያለችውም ተከተለች። ከዚያ ሁሉም። ጥለቱ በየአንገቱ ሲወጣ ሕሊና አንድ በአንድ አየች። አስቀድማ የተረዳችው ቀሚሷን ይመስለኛል።

"አባዬ ነው?" አለች። የጠየቀችው ጋሽ መኮንንን አይደለም፣ እኔን ነው።

ራሴን ነቀነቅኩ። ሴቶቹ ሲያቅፏት እኔ ጋ አልደረሰችም።

በሦስተኛው ቀን የምስር ወጥ ይዤ ሄድኩ። መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች። እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"መቼ ተቀበረ?"

"ሰኞ።"

"ስንት ሰዓት?"

"ምሳ ሰዓት ላይ። በእኛ።"

አሰበች። "አፌ ላይ ስፒል ነበር" አለች። "መጥተሽ አየሽኝ።"

"አየሁሽ።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ እደርስ ነበር?"

"እሑድ ቢሆን፣ አዎ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "አስሩ ነጥብስ?" አለች። "ለቀሚሱ ነው ወይስ ለአባቴ?"

የምስር ወጡን ክዳን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት።

"እሺ" አለች። "ስለዚህ እሱንም አላውቅም ማለት ነው።"

ዝግጅቱ በፀደይ ተላለፈ። እኔና ኃይሉ ሶፋችን ላይ ሆነን አየነው። እጆቼ አንገቱ ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ቆም ይላሉ፤ ከዚያ ካርዱን ያነሳሉ። ኃይሉ፣ ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ተነስቶ ሳህኖቹን አጠበ። ሕሊና ስፌቱን እንደተወችው ከሰው ሰማሁ። አንድ ጊዜ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ስጠብቅ ከማዶው ፕላትፎርም አየኋት፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ፣ ባቡሯ መጣ።

በመጋቢት ኃይሉ ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት ልጃችን ዮናስ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በማግስቱ ፈተና አለው። የደረሱት ሴቶች፣ ሁሉም ደግ ሰዎች፣ ፈተናውን ይጨርስና እንዲህ እናደርጋለን ማለት ጀመሩ። ሳይጨርሱት ስልኬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁና ደወልኩለት። "አባትህ ሞቷል፣ አሁን ና" አልኩት። እሺ እማ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ምሽት ደረሰ፣ የአባቱን ፊት አየ፣ እጁን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ሕሊናን አሰብኳት። አንዱን እንኳ በትክክል ሠራሁ አልኩ።

በቀደም ከዮናስ ጋር እራት እየበላን ይኸው ነገር ተነሳ። ስለነገርኩት ደስ ብሎታል። ቢደበቅ ኖሮ በሕይወቱ ይቅር አይለኝም ነበር። "ግን እማ" አለ ቀጥሎ፣ "ስትደውዪ ሊድስ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነበርኩ፣ ብቻዬን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ባቡር አለፈኝ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ናት ክንዴን ይዛ ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝ።" ይህን ስምንት ወር አልነገረኝም ነበር።

ጋሽ መኮንን ማን ያቅፋታል ያሉት ለማሳመን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ኃይሉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እደውላለሁ። መንገሩ ላይ አይደለም የተሳሳትኩት። ባቡር ላይ እስኪወጣ፣ ምንም ባንነጋገርም፣ ስልኩን መዝጋት አልነበረብኝም።