ነጠላው ነጭ ይሁን

«አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው፤ አፍሽ ግን ከእጅሽ ይቀድማል። ጨለማ ክፍል ደግሞ ዝም የሚል ሰው ነው የሚፈልገው።»

ጋሽ በላቸው ይህን ፊት ለፊት የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ጠዋት ነው። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ፎቶ ቤታቸው ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ወረድ ብሎ መንገዱ ዳር ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ቁጭ ብዬ ባል የምጠብቅ ዓይነት ሰው ስላልሆንኩ፣ በመስኮታቸው የተሰቀለውን ባለቀለም ፎቶ አይቼ ዘው አልኩ። ያን ጊዜ ሰፈራችን ፎቶ ሲባል ጥቁርና ነጭ ነበር የሚያውቀው። የመስኮቷ ሙሽራ ግን ከንፈሯ ቀይ፣ አበባዋ ቀይ፣ የሚዜዋ ጉንጭ ሳይቀር ቀይ ነበር። ማን እንዲህ እንዳቀላቸው ማወቅ ነበረብኝ።

«ታዲያ ምን ልሥራ?» አልኳቸው።

«ባንኮኒው ጋ ቁሚ። ሰው ሲመጣ በፈገግታ ተቀበዪ። ፈገግታ ታውቂያለሽ?»

«ስፈልግ።»

«ይኸው፣ እሱን ነው ያልኩሽ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

የባንኮኒ ሥራ ማለት ፊልም መቀበል፣ ኔጋቲቭ በየመልኩ ማስቀመጥ፣ የፎቶውን ጠርዝ በጥርሳሙ መቁረጫ መከርከም ነው። የዊንጌት ተማሪዎች ለመታወቂያ ሊነሱ በቡድን ይመጡና አንዲት ክራባት ለሁሉም ትዳረሳለች። አንዱ ተነስቶ ሲወጣ ክራባቷ ከነሙቀቷ ወደሚቀጥለው አንገት ትሻገራለች። እኔ እስቃለሁ። ጋሽ በላቸው ከመጋረጃው ጀርባ «ፈገግታ አልኩ እንጂ ሳቅ አልኩ?» ይላሉ።

ዓይኔ ግን ከዚያ መጋረጃ አይነቀልም። ፎቶ የሚታተምበት ጨለማ ክፍል እዚያ ነው። ከአሥመራ የመጣው ባለቀለም ፎቶ ማሳደጊያ ማሽን እዚያ ነው። ቢጫ፣ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ማጣሪያዎች አሉት፤ እንደ ከረሜላ መጠቅለያ ስስ ናቸው። የፎቶው ቀለም የሚቃናው በነሱ ነው።

መጀመሪያ ጋሽ በላቸው ብቻቸውን ነበር የሚገቡት። በኋላ ግን የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት እጃቸውን አቆሰለው። የባለቀለም ማጠቢያ አንዳንድ ቆዳ ይጠላል፤ የሳቸውን አጥብቆ ጠላ። እያከኩ፣ እየተቆጡ፣ እየቸኮሉ ማተም ጀመሩ። አንድ ቀን የክርስትና ፎቶ ይዘው ወጡ።

«ጋሼ፣ ሕፃኑ ጎመን መስሏል» አልኳቸው።

«አምፖል ሥር ደህና ነው።»

«እናትየዋ አምፖል ሥር አትኖርም።»

ፎቶውን ተቀብዬ በር ላይ ወጣሁ። በቀን ብርሃን ሕፃኑ አረንጓዴ፣ ቄሱ አረንጓዴ፣ የክርስትና እናቲቱ ነጠላ አረንጓዴ። አህያ እየነዳ የሚያልፍ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና «ምን በልቶ ነው?» አለኝ። ጋሽ በላቸው ሰሙ። እጃቸውን አከኩ፤ ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ለሙከራ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ፎቶ ከመለሰብሽ ወደ ባንኮኒሽ ትመለሻለሽ።»

የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ትምህርቱ አጭር ነበር። መጀመሪያ፣ ሥራው ሁሉ ግልብጥ ነው። ፎቶው ቢጫ ከወጣ ቢጫ ማጣሪያ ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስም።

«ለምን?» አልኩ።

«ኔጋቲቭ ስለሆነ። ኔጋቲቭ እንዳንቺ ነው፤ ያዘዙትን ገልብጦ ይሠራል።»

ቀጥሎ፣ የማሽኑ ሰዓት ስለተበላሸ ብርሃኑ የሚለካው በአቡነ ዘበሰማያት ነው። መብራቱን አብርቼ እጀምራለሁ፤ አሜን ላይ አጠፋለሁ። ደስ ሲለኝ ጸሎቱን አስሮጠዋለሁ፤ ያኔ ብርሃን ያንሰውና ፎቶው ይነጣል። ሲከፋኝ እጎትተዋለሁ፤ ይጠቁራል። ጋሽ በላቸው የወጣውን ፎቶ ብቻ አይተው «ዛሬ ደግሞ ማን አስኮረፈሽ?» ይሉኝ ነበር።

የቀረው የቤቱ ሕግ ነው። «ነጠላው ነጭ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይቃናል።» በዚህስ እውነታቸውን ነው። በአምፖል የተነሳ ሰው ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ጥላ ሥር የተነሳ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ዓይናችን ይለምደዋል፤ ፊልም መልመድ አያውቅም። የማላውቀው ሰው ጠይም ይሁን ቀይ ዳማ በምን አውቃለሁ? ነጠላ ግን ነጭ ነው። በአገራችን ፎቶ ውስጥ ደግሞ አንድ ነጠላ፣ ቢያንስ ጥግ ላይ የቆመች አክስት ትከሻ ላይ፣ አይጠፋም። ነጠላው ከሌላ ቀለም እስኪጠራ ድረስ ማጣሪያ እቀያይራለሁ፤ በዚያው ፊቱ ይመጣል።

ፊት ሲመጣ ያለውን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ያልደረቀ ፎቶ ያታልላልና አደርቀዋለሁ፤ በር ላይ ወጥቼ ለፀሐይ አሳየዋለሁ፤ ነጠላው ነጭ፣ ፊቱ የሰው ፊት። በቃ እዘላለሁ። እውነቴን ነው፣ መንገድ ዳር ቆሜ እዘል ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ «በላቸው ሆይ፣ ልጅቱን ምን አጠጣሃት?» ይላል።

እንዲህ ስዘል ነው የግራዝማች ይመር ሾፌር አንድ ፊልም ይዞ የመጣው። ግራዝማች የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ፎቶ ቤቱ ያለበት ቤት ራሱ የሳቸው ነው።

«የእህታቸው ፎቶ ነው» አለ ሾፌሩ። «የወንድማቸው ልጅ በራሱ ካሜራ ነው ያነሳቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ይሁን፣ ነጭ ለብሳ ትውጣልኝ ብለዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሳቸው ይመጣሉ።»

«ነጭማ የቤታችን ሕግ ነው!» አሉ ጋሽ በላቸው ፈካ ብለው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይህቺ ፎቶ ከተመለሰች ቁልፌን።»

ልጁ ካሜራውን ያለጊዜው ከፍቶት ፊልሙ ተቃጥሏል። የተረፈው አንድ ምስል ነው፤ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ከድንጋይ አጥር ፊት ቆመዋል። አተምኩት። ነጠላው ቢጫ። እሺ፣ ቢጫ ማጣሪያ ጨመርኩ። አሁንም ቢጫ። ጨመርኩ። አቡነ ዘበሰማያት፣ አሜን፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በር ላይ መውጣት፣ መመለስ። በስንት መከራ ነጠላው ነጣ። ፊታቸው ግን ሰማያዊ ሆነ። ከንፈራቸው ሰማያዊ፣ የድንጋይ አጥሩ ሰማያዊ። ፊታቸውን ሳቃና ነጠላው ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፤ ነጠላውን ሳነጣ ሴትዮዋ ይሞቱብኛል።

«ጋሼ፣ እኚህን ሴትዮ ማየት አለብኝ።»

«እያየሻቸው አይደል እንዴ?»

«በሕይወት።»

ሾፌሩን ፈልጌ ጠየቅሁት። «እንጦጦ ማርያም ነው የሚኖሩት፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የግራዝማች እህት ብትዪ ያሳዩሻል» አለ። «ግን ዳገት ነው።»

«ሜዳማ ቢሆን እስካሁን ደርሻለሁ» አልኩት።

ሰማያዊዋን ፎቶ በካርቶን መሃል ከትቼ ሽቅብ ተያያዝኩት። የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይመጣሉ። አንዷ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ «እቴ፣ ባዶ እጅሽን ታለከልኪያለሽ?» ስትለኝ ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቁ ዳገት መውጣት ግን አይመከርም።

የጠቆሙኝ ቤት ደጃፍ ላይ ሴትዮዋ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ራሳቸው ላይ ቆብ አለ። ነጠላቸውም ቆባቸውም ወይባ ነው፤ መነኮሳት የሚለብሱት ያ የደረቀ ሣር የሚመስል ቢጫ። ለካ ስንት ቀን ላነጣ የታገልኩት የምንኩስና ልብስ ኖሯል! እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው አዩት፤ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማሆይ።»

ሳቃቸው ሲመጣ ምስሩ ከሰፌዱ ተበተነ። እኔም የተበተነውን መልቀም ትቼ ሳቅሁ። ከዚያ ግራዝማች ነጭ ይሁን ማለታቸውን ነገርኳቸው።

«ይለዋል!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ቆብ ከደፋሽ ዓይንሽን አላይም ብሎ ማለ። አንድ ዳገት ነው የሚለየን፣ ግን ከማልኩ ማልኩ አለ። አሁን መሐላውን ሳያፈርስ በወረቀት ሊያየኝ ነው። በወረቀትም ያለ ወይባዬ! ነጭ ከወደደ እሱ ይልበስ።»

ፎቶውን መለሱልኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረና እጄን ያዙ።

«ይህን ወይባ በእጄ ነው የነከርኩት፣ ልጄ። ይህን ብቻ እንዳትወስጂብኝ።»

«አልወስድብዎትም፣ እማሆይ።»

ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ቀደው ሰጡኝ። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። ቁራጯን ከፎቶው አጠገብ በቀን ብርሃን እየያዝኩ ማጣሪያውን ቀነስኩ፣ ቀነስኩ። ወይባው ከቁራጯ ጋር የተገጣጠመ ጊዜ ፊታቸው መጣ። ጠይም፣ የዓይናቸው ጥግ ሊስቅ የተሰናዳ። የዘለልኩትን ዝላይ ልብስ ሰፊው እስከዛሬ ያወራዋል።

ዛሬ አዲስ ገቢ ሠራተኛ ሲመጣልኝ የምነግረው ይህን ነው፤ ነጩን ከማቃናትሽ በፊት ልብሱ ነጭ መሆኑን የለበሰውን ሰው ጠይቂ።

ጋሽ በላቸው ግን ፎቶውን ሲያዩ አልዘለሉም።

«መነኩሴ ናቸው፣ ጋሼ። ወይባ ነው።»

«የቤቱ ባለቤት ነጭ ብሏል! ፊቱን በካርቶን ከልለሽ ልብሱን ለብቻው አንጪው። ትችያለሽ። ይህን ሠርተሽ ክፍሉ ለሁልጊዜ ያንቺ ይሁን።»

እችላለሁ። ካርቶኑን በፊታቸው ቅርጽ መቁረጥ፣ አንዱን ጸሎት ለፊት፣ አንዱን ጸሎት ለልብስ መድገም ነው። ክፍሉንም እንዴት እንደምፈልገው እሳቸው ያውቃሉ።

«አልሠራውም» አልኩ።

እሑድ ግራዝማች ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ሁለቱንም ፎቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ። ሰማያዊዋን አይተው ደነገጡ።

«ታማለች እንዴ?»

«ደህና ናቸው። ወይባውን ነጭ ሳደርገው ፊታቸው አብሮ ሄዶ ነው።»

ወደ ሁለተኛዋ ዞሩ።  ከዘራቸው መሬቱን ቆረቆረ።

«እኔ ነጭ አላልኩም?»

«ይደረጋል፣ ጌታዬ፣ ይደረጋል!» አሉ ጋሽ በላቸው። «በካርቶን ተከልሎ...»

«ይደረጋል» አልኩ። «እኔ ግን አላደርገውም። አልወስድብዎትም ብዬ ለእማሆይ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ቁልፌን!» አሉ ጋሽ በላቸው።

ከማተቤ ፈትቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። 

ግራዝማች ቁልፉን አላዩም። «አየሻት?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ምን አለች?»

«ነጭ ከወደደ እሱ ይልበስ አሉ።»

ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የግራዝማች ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አፍነውት የነበረው ሳቅ አመለጣቸው፤ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምላሷ አልመነኮሰም በይኛ!»

ባለወይባዋን ፎቶ አንስተው በብብታቸው ያዙ።

«መኪና ይወጣል?»

«እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል። ከዚያ በእግር ነው።»

«ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ቅደሚ እንግዲህ።»

ነጠላዬን አጣፋሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጋሽ በላቸው ከኋላዬ ጮኹ።

«አንቺ ልጅ! ነገ ጠዋት ክፍሉን ማን ሊከፍተው ነው?»

ተመልሼ ቁልፉን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁና ወጣሁ።