«ገብተዋል?»

የሥራ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። የብሔራዊ ፓርኩ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጎብኚዎችን ከኬላው ተቀብሎ ገደሉ አናት ላይ እስካለው መመልከቻ ቦታ ያወጣል፣ መልሶ ያወርዳል። አስፋልቱ እስከ ገደሉ አፋፍ ስለተዘረጋ ጉልበት የከዳውም፣ ክራንች የያዘውም፣ ሕፃን ያዘለችውም የብረት አጥሩን ተደግፈው ፏፏቴውን ያያሉ። አገር የዞሩ ተሳፋሪዎች ከኋላው ተቀምጠው ሐይቅ ያለበት ፓርክ ይበልጣል፣ የለም ዋሻ ያለበት ነው፣ እያሉ ሲከራከሩ ይሰማል። እሱ ግን ከዚህኛው በቀር ያየው ፓርክ የለም። ይህንንም ቢሆን ዓይኑን ከኩርባው ሳይነቅል ነው የሚያውቀው። በሰው ነፍስ አይቀለድም ባይ ስለሆነ፣ ከኋላው የጡሩንባ ዓይነት ቢነፋበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ቤቱ ውስጥ ግን እንዲህ ትዕግሥተኛ አልነበረም። አማቱ እነሱ ጋ ከገቡ ከርመዋል። ኧረ ክፉ ሴትስ አይደሉም! ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሳላቸው ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛም፣ ቴሌቪዥኑም የሚከፈተው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ባለፈው ሳምንት በቃኝ አለና ሚስቱን፣ ለምን ወንድምሽ ጋ አይሄዱም፣ እሱስ ልጃቸው አይደል ወይ አላት። በሩ ገርበብ ብሎ ኖሯል። አማቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት በቀረበ ቁጥር «በልቻለሁ» ማለት አመጡ። ሚስቱም አኮረፈችው።

እንግዲህ ማስታረቂያ ይሆነኛል ብሎ ነው ዛሬ ፓርኩን ላሳይዎት ያላቸው። ስንቱን ባዕድ ሲያመላልስ ኖሮ የቤቱን ሰው አንድ ቀን አለማምጣቱ ለራሱም አሳፈረው። አማቱ «ገደል ለማየት ምን አደከመኝ» ብለው ተግደረደሩ፤ ተግደርድረው ሲያበቁ ግን ሻሻቸውን አስረው ከሁሉም ቀድመው አውቶቡሱ ውስጥ የተገኙት እሳቸው ናቸው። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ።

ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አማቱ ፏፏቴውን አይተው «ወይ ጉድ» አሉ፤ እሱም ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ ከሸለቆው ጭጋግ መነሳት ጀመረ። ጭጋግ ከወረደ ኬላው ይዘጋል፣ መኪናም አይወጣም፣ አይወርድም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ግቡ አለና ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ትኬት ቆራጯን «ገብተዋል?» ብሎ ጠየቃት። አማቱን ማለቱ ነበር። እሷ ደግሞ ተሳፋሪዎቹን የጠየቃት መስሏት «ገብተዋል» አለች። ይኸው ነው። አንድን ሰው በአክብሮት መጥራትና ብዙ ሰው መጥራት በአንድ ቃል የሚያልቅበት ቋንቋችን ጉድ ሠራው። ደግሞ ስፖኪዮውን ቀና ብሎ ቢያይ ሻሽ ያሰረች ሴት ከጀርባው ተቀምጣለች። ልብ ብሎ ቢያያት ኖሮ ሌላ ሴት እንደሆነች ያውቅ ነበር፤ ልቡ ግን ጭጋጉ ላይ ነበር።

ኬላው ጋ ሲደርሱ አማቱን ደግፎ ሊያወርድ በሩ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ።

«እማማስ?» አላት ትኬት ቆራጯን።

«የትኛዋ እማማ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። እሷም ወዲያው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

የብረት አጥሩ መመልከቻው ላይ እንጂ ከዚያ ወዲያ የለም። አማቱ ስልክ አልያዙም። አንድ ነገር ቢሆኑስ፣ ተሳስቼ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ከቤቴ ይውጡልኝ ባለ በሳምንቱ አማቱን ገደል አፋፍ ላይ ጥሎ የመጣ ሰው! ሚስቱ በምን አንጀቷ ታምነዋለች? የኬላው ጥበቃ ሰንሰለቱን ስቦ ዘግቷል፤ ደንብ ነው አለ። ሾፌሩ አማቴ እዚያ ቀርተዋል ብቻ ነው ያለው። ጥበቃው ፊቱን አየና ሰንሰለቱን ለቀቀለት።

ያን ቀን ቀስ በቀስ ቀስ ብሎ አልነዳም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ የመንገዱን ነጭ መስመር እየተከተለ፣ ባዶውን አውቶቡስ እያንገጫገጨ ወጣ። አንዱ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠር ወደ ገደሉ ሲንከባለል ሰማ፤ ፍሬን አልያዘም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል። ሚስቱ ናት። ማን ደፍሮ ያነሳዋል?

ላይ ጭጋጉ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም።

«እማማ! የት ነዎት?»

ዝም። መጸዳጃ ቤት ገብተው ይሆናል ብሎ በዳሰሳ ሄዶ በሩን ከፈተ፤ ማንም የለም። እንደገና ተጣራ፤ ከፏፏቴው ድምፅ በቀር የሚመልስለት አጣ። አጥሩ የሚያልቅበት ጋ በእንብርክኩ ሆኖ መሬቱን ዳሰሰ። እጁ ድንገት ባዶ አየር ሲነካ ወደ ኋላ ሸሸ። አንቱታውም ጠፋበት።

«እማ! እናቴ! የት ነሽ? ኧረ በፈጠረሽ!»

«እዚህ ነኝ» አለ ድምፅ።

ቅርብ ነበሩ፤ የአጥሩን ብረት ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው በረዶ ሆኗል። ኮቱን አውልቆ ደረበላቸውና አቅፎ አውቶቡሱ ውስጥ አስገባቸው።

ጭጋጉ እስኪገለጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትኬት ቆራጯን፣ «ገብተዋል»ን፣ ባለሻሿን ሴትዮ እያደበላለቀ አስረዳቸው። አማቱ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ስትጠራኝ ከመጀመሪያው ሰምቼሃለሁ» አሉት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሁለቴ ጠርቶ፣ የሉም ብሎ ይመለስ እንደሆነ ልየው ብዬ ነዋ።»

አፈረ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አውጥቶ ማንሳት አልደፍር ሲል አማቱ ተቀብለው አነሱት። ለልጃቸውም «አብረን ነን፤ ጭጋግ ይዞን ነው» አሏት።