ሃያ እርምጃ በማን እግር

ሱሉልታ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት።

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። በቅሎዋን በዳበሳ ጫንኩና ወጣን፤ ታናሽ እህቴ ዘነበች ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አራዳ ያለ አንድ የግሪክ ነጋዴ ለእሑድ የነፋስ ጠመንጃ ውድድር አዘጋጅቷል። ጠመንጃው ባሩድ አያጨስም፤ እንደ ወናፍ ነፋስ ይሞላና ሽንብራ የምታህል እርሳስ ይተፋል። ለአንደኛው የሚሰጠው የስፌት መኪና ነው። እሑድ የሚተኩሰው ግን ዛሬ ከቀትር በፊት ማጣሪያውን ያለፈ ብቻ ነው።

ዘነበች ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በመርፌ ነው፤ ጣቶቿ ተበሳስተው አልቀዋል። መተኮሱን የለመደችው ፈረንጅ ቤት ስትሠራ፣ ከጓሮው ወፍ ስታባርር ነው።

«እትዬ፣ ቀስ በይ፤ በቅሎዋን ገደልሻት» ትለኛለች። እኔ ፀሐይዋን ነው የማየው።

እንጦጦ፣ ሁለት ሰዓት።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። አንዷ ቆም አለችና፣ «ወዴት ነው እንዲህ ጥድፊያ?» አለችን።

«እህቴ ዒላማ ልትተኩስ ነው።»

«በምን? በእንዝርት?»

«እንዝርቱንስ ላንቺ ትቼልሻለሁ» አለች ዘነበች፤ ሳቃቸው እስከ ታች ተከተለን።

አራዳ፣ አራት ሰዓት ተኩል።

የቆርቆሮ ጣራ፣ የበርበሬ ብናኝ፣ የጥሬ ቆዳ ሽታ፣ የህንድ ጨርቅ። ለበቅሎዋ አንዲት እፍኝ ሣር በአንድ መሐለቅ ገዛሁ፤ እያንገበገበኝ። ከግሪኩ ሱቅ ጓሮ ወንዶች ተሰልፈዋል። ጸሐፊው አጭር ሰው ነው፤ «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ከሃያ እርምጃ፣ ከአምስት ሦስቱን የዒላማው ጥቁር ላይ ማሳረፍ» አለ። ከፊታችን ለነበረው ባለ ባርኔጣ ርቀቱን ራሱ ጸሐፊው ቆጠረለት፤ ሰውየው ሦስት መትቶ አለፈ። የዘነበች ተራ ሲደርስ የቆጠረው የሱቁ ዘበኛ ነው፤ እግሩ እንደ ሽመላ የረዘመ። ሁለት መታች።

«በቃ፣ ሂጂ» አላት ጸሐፊው።

ዘነበች ጠመንጃውን በቀስታ አስቀመጠችና፣ «በሕግ አምላክ» አለች።

ይህን የተባለ ሰው ንቅንቅ አይልም፤ ጸሐፊውም ቆመ። እንደ ተሟጋች ወግ ሰዎች ነጠላዋን ከጸሐፊው ኩታ ጋር ቋጠሩላትና፣ በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ሆነው ከበቅሏቸው ወረዱ።

«ባለ ባርኔጣው በማን እግር ተለካ?»

«በእኔ፣ አባቴ።»

«እሷስ?»

«በዘበኛው።»

«ታዲያ ሃያ እርምጃ ሁለት ዓይነት ነው እንዴ?»

ሽማግሌው አንድ ገመድ ይለካ፣ ያለፉትም እንደገና ይተኩሱ ብለው ፈረዱ። «እኔ እኮ አልፌአለሁ» አለ ባለ ባርኔጣው። «ያለፈ ሰው መድገም አያቅተውም» አሉት።

ገመድ ጠፋ። የእኛን መጫኛና የበቅሎዋን መሳቢያ ቀጣጠልን። «በማን እግር ይለካ?» አሏት ሽማግሌው ዘነበችን።

«በዘበኛው ይሁን። ከዚያው ሆነው ሁሉም ይሞክሩት።»

ክንዷን ቆነጠጥኳት፤ ዘወርም አላለች። የመጀመሪያው ጥይቷ ጥቁሩን በሳ። ሁለተኛው ሳተ። ሦስተኛው በሳ። አራተኛው ሳተ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ጸሐፊው «ሦስት» ሲል ነው የሰማሁት። ባለ ባርኔጣውም አለፈ፤ ግን ላቡን ጠረገ።

እንጦጦ ዳገት፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ገመዱ ለእሑድ መለኪያ እንዲሆን ሱቁ ሚስማር ላይ ቀርቷል። በቅሎዋን የምስባት በመቀነቴ ነው፤ ማለፏን የሚመሰክረውን ወረቀት ማኅተም ዘነበች ስንት ጊዜ እንዳየችው።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ሌሊት ቢቆርጡትስ?»

«ይቁረጡት እትዬ» አለች፣ ዳገቱን እየቀደመችኝ። «ቢያጥርም ለሁላችን ነው የሚያጥረው።»